የተፋቀ ቸርኬ ግቢ ውስጥ ማደስና መቀባት፦ የሞከራችሁ ምከሩኝ

ጦሳ ሥር፣ ደሴ — መጋቢት 3

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሆጤ አካባቢ ነው፤ ሥራዬ አስተማሪነት ነው። አንዲት ያረጀች ቪትዝ አለችኝ፤ አራቱም ጎማዎቿ ባለ 14 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ናቸው። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፣ ማቆሚያ ሲገኝም ከድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የቀኝ በኩል ሁለቱ ቸርኬዎች ጠርዛቸው ተበልቶ የመጋዝ ጥርስ መስሏል። የአራቱም ቀለም እዚህም እዚያም አብጦ ይላጣል፤ ልጣጩን ሳነሣው ከሥሩ ነጭ ዱቄት አገኛለሁ። ተጠባባቂው ጎማ ደግሞ የብረት ቸርኬ ነው፤ እሱን ዝገት ይዞታል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ ከፍዬ አስቀብቼ ነበር። ስረከበው እንደ አዲስ ያበራ ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ ግን እንደ ሽንኩርት ተላጠ። በጣም አዝኛለሁ፤ የከፈልሁት ገንዘብ የልጆቼ ደብተር መግዣ ነበር። ስለዚህ አሁን በገዛ እጄ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ጊዜ ወስጄ መሥራት እፈልጋለሁ። ኮምፕሬሰር የለኝም። ያለኝ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ነው።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። የተበላውን ጠርዝ በምን ልሙላው? አሉሚኒየም ላይ ቀለም የሚይዘው እንዴት ሲሆን ነው? ይህ ጉም ሳይገለጥስ መቀባት ይቻላል?

ሐይቅ ዳር — መጋቢት 3

ይቻላል ወንድሜ፣ አብሽር። እኔ ባለፈው ጥቅምት የኮሮላዬን አራት የብረት ቸርኬዎች ግቢዬ ውስጥ ሠርቻቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድም ቦታ አልተነሣም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራገፍሁት። አሮጌውን ቀለም ያወጣሁት ግን ሳሙና ስናበስል በምንጠቀምበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ውሃ ውስጥ አሟሟሁት፣ ወፍራም ጓንት አደረግሁ፣ ቸርኬውን ነክሬ አሳደርሁት፤ በማግሥቱ ቀለሙ እንደ ቆዳ ተገፎ መጣ። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ ሦስት እጅ ብርማ ቀለም። አንተም በዚሁ መንገድ ሂድ።

ቀለም ቀቢው፣ ወልድያ — መጋቢት 3

እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ወንድማችን ዛሬ ማታ ቸርኬውን ሶዳ ውስጥ እንዳይነክረው ፈርቼ ነው የቸኮልሁት። ለብረት ቸርኬ የሠራሽው ልክ ነው። አሉሚኒየምን ግን ኮስቲክ ሶዳ ራሱን ይበላዋል። እየፈላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ጋዙ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል፣ ቸርኬውም ጠቁሮና ተቦርቡሮ ይወጣል። ለአሉሚኒየም የልብስ ሳሙና፣ ውሃና ብርጭቆ ወረቀት በቂ ናቸው። ስለ ቀለሙ ነገ በሰፊው እጽፋለሁ።

ሐይቅ ዳር — መጋቢት 3

አላህ ይስጥልኝ፣ ይህን አላውቅም ነበር። የጻፍሁትን አላጠፋውም፤ ሌላ ሰው ስህተቱን ከነእርማቱ ቢያየው ይሻላል።

ጎሚስታው፣ ኮምቦልቻ — መጋቢት 4

ከአፍጥር በኋላ ነው ያየሁት። ጎማ ሥራ ላይ 26 ዓመት አሳልፌያለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሠራሁትም ከደሴ የሚወርዱ መኪኖችን ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ቸርኬ መኪናውን፣ ሰዉንና ጭነቱን ተሸክሞ የሚዞር አካል ነው። ቀለም ሲቀባ ደግሞ ጤነኛውም ሕመምተኛውም አንድ መልክ ይይዛሉ። ስለዚህ ቀለሙ ከመግባቱ በፊት ቸርኬው ይመርመር። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከውጭ የተፋቀውን ጠርዝ ነው የሚያሳየኝ። እሱ አያስፈራኝም፤ ድንጋይ የላጨው ጠርዝ መልክ ነው የጎደለው። እኔን የሚያስፈራኝ የውስጠኛው ከንፈር ነው፣ ወደ መኪናው ሆድ የዞረው ጎን። ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ምቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ማንም ግን አጎንብሶ አያየውም።

እንግዲህ አስተማሪው፣ እንዲህ አድርግ። ሜዳ ቦታ ፈልግ። ሆጤ ሜዳ ማግኘት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዳገት ላይ መኪና በክሪክ አታንሣ። የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ በሌሎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርግ። ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እንዳለ አላላቸው፣ ከዚያ አንሣው። ካነሣኸው በኋላ ክሪኩን ብቻ አትመን፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ከሥሩ አስገባ። አንድ አንድ ጎማ ብቻ አውጣ።

ያወጣኸውን ከውስጥም ከውጭም በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው። ከዚያ ጨርቅ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክረህ የውስጡን ከንፈርና የክንዶቹን ሥር በደንብ ቀባው፤ ግማሽ ሰዓት ተወው። ነጭ ጋዝ ቀጭን ስለሆነ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። በደረቅ ጨርቅ ፈጽመህ ጥረገው። አሁን የአንተው ሙያ ይመጣል፤ ጠመኔ ፍጭና ዱቄቱን በስስ ነስንስበት፣ ጠብቅ። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና እንደ እርሳስ መስመር የጠቆረ ነገር ይታይሃል። ከሌለ ነጭ እንደ ሆነ ይቆያል። ይህን ስታደርግ ሲጋራም ከሰልም አጠገብህ አይኑር።

ሁለተኛው ምርመራ መጣመም ነው። ጎማውን መልሰህ እሰረው፣ አንድ ሽቦ መሬት ላይ በድንጋይ አቁመህ ጫፉን ከቸርኬው ጠርዝ ላይ ለጥቂት አስጠጋውና በእጅህ አዙረው። በሽቦውና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም ሳይለዋወጥ ከዞረ ደህና ነው። ሲጠብና ሲሰፋ በግልጽ ካየኸው ግን ተጣሟል፤ ለባለሙያ አሳየው። የተጣመመ አሉሚኒየም በጋዝ እሳት አሙቆ ማቅናት የሚባለውን አትሞክረው። ብረት ሲግል ቀልቶ ያስጠነቅቅሃል፤ አሉሚኒየም ቀለሙን ሳይለውጥ በድንገት ይቀልጣል።

የዛገውን የብረት ቸርኬ በተመለከተ፣ ዝገቱ ቅርፊት እየሆነ የሚነሣና ሥሩ ጉድጓድ ከሆነ ጣለው። ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ አጽዳው፣ ይድናል።

ቀለም ቀቢው፣ ወልድያ — መጋቢት 4

ጋሼ ጎሚስታው የተናገሩት ከእኔ ነገር ይቀድማል። ምርመራውን ያለፈው ቸርኬ እንዲህ ይሠራል።

ያ ያገኘኸው ነጭ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ባለፈው ዓመት የቀባልህ ሰው ዱቄቱን ሳያወጣ፣ ምናልባትም የፍሬን አቧራውንና ቅባቱን ሳያጥብ ነው ከላይ የነፋበት። ቀለም የሚይዘው የሚነካውን ነገር ነው፤ ዱቄት ከነካ ዱቄቱን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ያበጠው ሁሉ እስከ ጤነኛው ድረስ ይገፈፍ። እዚያ ላይ አትራራ።

የተበላውን ጠርዝ መጀመሪያ በሞረድ አለስልሰው፤ ሹል የቆመውን ብቻ፣ ብዙ ብረት ሳትቀንስ። ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ240። ጠርዙ ላይ የቀረውን ጉድጓድ ባለ ማድረቂያ የብረት ስቱኮ ሙላው። ስቱኮው የሚገባው በተፋቀው ባዶ አሉሚኒየም ላይ ነው፣ ከፕራይመሩ (ከዋናው ቀለም ሥር ከሚቀባው መነሻ ቀለም) በፊት። ማድረቂያውን በጣም ጥቂት ነው የምታደርገው፤ ደሴ ብርድ ስለሆነ ይዘገያል ብለህ አታብዛው፤ ያን ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ከቀለሙ ሥርም መልኩ ይወጣል። ብትችል ፀሐይ ባለበት ሰዓት ሥራው። በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠና የምትፈልገውን ያህል ብቻ ደባልቅ። ሲደርቅ 240፣ ከዚያ 400 በውሃ። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ ዳስሰው፤ በስቱኮውና በብረቱ መካከል ድንበሩ ከተሰማህ አላለቀም። ይህን እኔ ዛሬም በየቀኑ አደርገዋለሁ። ዓይን ያሳለፈውን ጣት ይይዘዋል።

አሉሚኒየም እንደ ተፋቀ ወዲያው አየሩ ቀጭን ሽፋን ያበጅበታል። ስለዚህ ፍቀህ አታሳድረው፤ በዚያው ቀን በቲነር ጠርገህ ፕራይመር ስጠው። ተራ ፀረ ዝገት ቀለም ባዶ አሉሚኒየም ላይ አይበረታም። ወይ ለአሉሚኒየም የተዘጋጀውን አሲድ ያለበት ፕራይመር፣ ወይ ኢፖክሲ ፕራይመር ጠይቅ። ከገዛኸው ዕቃ ሁሉ ገንዘብ የማትቆጥብበት ይህ ነው።

ጎማውን ሳታወጣ ከሆነ የምትቀባው፣ ጎማውን በጥቂቱ አስተንፍሰውና ካርቶን እየቆረጥህ በቸርኬውና በጎማው መካከል ዙሪያውን ሰካ። የመጫወቻ ካርታ ካለህ እንዲያውም የተሻለ ነው። የቀረውን በፌስታልና በወረቀት ፕላስተር ሸፍን።

ቀለሙን በስፕሬይ ቆርቆሮ ልትሠራው ትችላለህ። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ፣ እጅህ ሳይቆም ይሂድ። የመጀመሪያው እጅ ጭጋግ ይምሰል፤ ሥሩ ቢታይ አትደንግጥ። በየእጁ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቅ። ሦስት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይበልጣል፤ ወፍራሙ ይወርዳል፣ ውስጡም ሳይደርቅ ላዩ ይዘጋል። በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ክሊር፣ ማለትም ከላይ የሚነፋው ቀለም አልባ መከላከያ። ማድረቂያ የሚቀላቀልበትን ባለ ሁለት ዕቃ ክሊር ግን ቤት ውስጥ አትንፋ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ጭምብልም አያስቆመውም። ሌላውንም ቢሆን ደጅ ላይ፣ ልጆች በሌሉበት ሥራ። ጾም ስለሆነ ደግሞ በባዶ ሆድ የቲነር ሽታ ራስ ያዞራል፤ እየተነሣህ አየር ውሰድ።

ሦስት ቦታ ቀለም አይገባም። ቸርኬው ከመኪናው ጋር ፊት ለፊት የሚገጥምበት መሃሉ ላይ፣ ዳዶው የሚያርፍባቸው ቀዳዳዎች ላይ፣ ጎማው አየር ይዞ የሚቀመጥበት ከንፈር ላይ። ምክንያቱን ጋሼ ከእኔ ይልቅ ያስረዱሃል።

ቆቦ ሜዳ — መጋቢት 5

እናንተ ብርድና ጉም ትላላችሁ፤ እዚህ ቆቦ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ባለፈው ዓመት የፒክአፔን ቸርኬ ቀባሁ፣ ላዩ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆነ። አቧራ ነው ብዬ ነበር፤ አጥቤው አልወጣም።

ቀለም ቀቢው፣ ወልድያ — መጋቢት 5

አቧራ አይደለም ወንድሜ። ሙቀቱ ቀለሙን አየር ላይ እያለ አድርቆት፣ ጠብታው ደርቆ ነው ቸርኬው ላይ ያረፈው። ፀሐይ የመታው ብረት በእጅህ መያዝ ካልቻልህ ቀለምም አይይዘውም። ማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ሥራ። መሬቱን ውሃ ርጭበት፣ አቧራው ይተኛል። ሻካራውን በ600 ቁጥር በውሃ አለስልሰህ እንደገና አንድ እጅ ቀለምና ክሊር ስጠው።

ጦሳ ሥር፣ ደሴ — መጋቢት 8

ቅዳሜና እሑድን በምርመራው ላይ አዋልሁት። ይህን የምጽፈው ትንሽ ደንግጬ ነው።

የተፋቁት የቀኝ በኩል ሁለቱ ቸርኬዎች ጤነኞች ናቸው። ጠመኔው ነጭ እንደ ሆነ ቆየ። የኋላ ግራም ደህና ነው። የፊት ግራው ግን ከአራቱ ሁሉ የሚያምረው ነበር፤ ከውጭ አንድም ጭረት የለበትም፣ እሱን ሳልቀባ ልተወው አስቤ ነበር። ጠመኔውን ነስንሼ ተነሣሁ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ በውስጠኛው ከንፈር ላይ አራት ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን ጥቁር መስመር ተስላለች። ልጄ ነው መጀመሪያ ያያት። ጠርጌ እንደገና ነሰነስሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ወጣች። የሳሙና ውሃ ስቀባበት ደግሞ ከመስመሯ ጫፍ ትንንሽ አረፋ ይወጣል።

ይህ ጎማ በየሳምንቱ አየር ይቀንስ ነበር። ሁለት ጊዜ ለጎማ ጥገና ከፍያለሁ፤ ችግሩ የጎማው ይመስለኝ ነበርና። እኔ እኮ ከእነ ቤተሰቤ በዚህ ጎማ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድና ስወጣ ከርሜያለሁ።

አሁን ምን ይሻለኛል? በብየዳ ይድናል?

የመካነ ሰላም ሾፌር — መጋቢት 8

እንኳን አየኸው። እኔ ብየዳውን እመክርሃለሁ። በአርጎን የሚበይድ ጥሩ ባለሙያ ከተገኘ ይያዛል፤ እኔ ራሴ የተበየደ ቸርኬ ይዤ በጠጠር መንገድ ሁለት ዓመት ሄጃለሁ፣ ምንም አልሆነም። ሌላ ቸርኬ መግዣው ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ጎሚስታው፣ ኮምቦልቻ — መጋቢት 9

የመካነ ሰላሙ ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት በሰላም መሄድህ ደስ ይለኛል፤ እውነትህን እንደሆነም አልጠራጠርም። ግን ያልተሰበረው ቸርኬ ነው ለመመስከር የበቃው። እኔ የተበየደ ቸርኬ በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ተሰንጥቆ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜም አይደለም። ብየዳው አሪፍ ሆኖ ይቆያል፣ ጎረቤቱ ይሰነጠቃል። ለምን እንደሆነ በሳይንስ ማስረዳት አልችልም፤ ግን ለልጄ የማላስረውን ለሰው ልጅ አላስርም።

አስተማሪው፣ ያቺን መስመር በስቱኮ እንዳትሞላት። ስቱኮ አረፋውን ለጥቂት ጊዜ ያቆመዋል፣ ስንጥቁን ግን አያቆመውም፤ አንተም ደህና ነው ብለህ ትረሳዋለህ። ዛሬውኑ ያን ቸርኬ አውርደው።

የመካኒካል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ — መጋቢት 9

በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። ጋሼ ያዩት ነገር ምክንያት አለው። የመኪና ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ አሉሚኒየም ሳይሆን 7 በመቶ ገደማ ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዥየም የተቀላቀለበት ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ውሃ ውስጥ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በአነስተኛ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚህ ሂደት ነው። ብየዳ አንዱን ቦታ ብቻ ሲያቀልጠው ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ያን ጥንካሬ ያጣል። ቸርኬ ደግሞ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ያ የለሰለሰ ቦታ ይጫናል፣ ይለቀቃል። አንድ ቀን ከዚያ ይጀምራል።

የመካነ ሰላም ሾፌር — መጋቢት 9

ተቀብያለሁ። ያ ቸርኬ አሁንም አለኝ፣ ከኋላ በኩል ነው የታሰረው። ወደ ተጠባባቂነትም አላወርደውም፤ አወጣዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የወንድሜ አይሱዙ ቸርኬዎች ዝገዋል። እነሱንም እንዲሁ ፈትተን ግቢ ውስጥ እንቀባ ይሆን?

ጎሚስታው፣ ኮምቦልቻ — መጋቢት 9

የአይሱዙው ባለ ቀለበት ቸርኬ ከሆነ በፍጹም ቤት ውስጥ አትፍቱት። ቀለበቱ ጎማውን የሚይዘው በአየሩ ግፊት ተጨንቆ ነው። ዝገት ቀለበቱን ወይም መቀመጫውን በልቶት ከሆነ፣ አየር ሲሞላ ቀለበቱ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። እኛ እንኳ ስንሞላው ብረት አጥር ውስጥ አስገብተን፣ ከፊቱ ዞር ብለን፣ በረጅም ቱቦ ነው። ከላይ ብቻ፣ ጎማው እንደታሰረ፣ በብሩሽ መቀባት ይቻላል። መፍታቱን ለባለሙያ ተውት። ወንድምህን አደራ።

ጦሳ ሥር፣ ደሴ — መጋቢት 17

ሁሉን በአንድ ልጻፍ። የተሰነጠቀውን በዚያው ቀን አወረድሁት። ለጊዜው የብረቱን ተጠባባቂ ላስር ስል አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ የአሉሚኒየሙ ዳዶዎች ጠፍጣፋ ቀለበት ያላቸው ናቸው፣ የብረቱ ቸርኬ ቀዳዳ ግን እንደ ሾጣጣ ስኒ የጎደጎደ ነው። አልተዋደዱም። ጋሼ ጎሚስታው በስልክ ሾጣጣ ጫፍ ያለው ዳዶ እንድፈልግ ነገሩኝ፣ ፒያሳ አገኘሁ። ይህን ሳላይ አስሬው ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ይላላ ነበር።

ሦስቱን ጤነኞች በተነገረኝ መንገድ ሠራኋቸው። ጠርዙን መሙላትና ማለስለስ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ጣት ከዓይን እንደሚበልጥ አሁን አምኛለሁ። ፕራይመሩ አማረ። ቀለሙም አማረ። ክሊሩን ግን ትናንት አመሻሽ ላይ ነፋሁ፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ጉሙ እየወረደ ነበር፣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ቸኮልሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ቸርኬዎች ወተት የፈሰሰባቸው መስለው አገኘኋቸው። በጣም ተሰማኝ። ከሥር ጀምሬ ልፋቀው?

ቀለም ቀቢው፣ ወልድያ — መጋቢት 17

አትፋቀው! ያ እርጥበት ነው። ክሊሩ ሲደርቅ የሚተነው ፈሳሽ ላዩን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ ጉም ከሆነ ጠሉ እዚያው ላይ ያርፍና ያነጣዋል። ፀሐያማ፣ ደረቅ ቀን ጠብቅ፤ ቸርኬውን ፀሐይ ላይ ለብ እስኪል አሙቀው፣ ከዚያ አንድ በጣም ስስ እጅ ክሊር ስጠው። ብዙ ጊዜ አዲሱ እጅ የቀደመውን ያለሰልሰውና እርጥበቱ ይወጣል። ካልጠራ በ800 ቁጥር በውሃ ላዩን ብቻ አለስልሰህ ድገመው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እኩለ ቀን ሞቅ ያለች ይመስልሃል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ብረቱ ከአየሩ በፊት ይቀዘቅዛል። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ነው የአንተ ጊዜ። የስፕሬይ ቆርቆሮው ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው፤ እሳት ወይም ምድጃ አጠገብ ግን አይድረስ፣ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይፈነዳል።

ጦሳ ሥር፣ ደሴ — መጋቢት 21

ጠራ። ትናንት አምስት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሰማዩ ፍጹም ሰማያዊ ነበር። ስሱን እጅ ነፍቼ እዚያው ቆምሁ፤ ነጩ እንደ እንፋሎት ከመስተዋት ላይ ሲሄድ ከልጄ ጋር አየነው። ለአራተኛውም ያገለገለ ቸርኬ አግኝቻለሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ሻጩ ፊት ጠመኔዬን አውጥቼ መረመርሁት። ሰውየው መጀመሪያ ተገረመ፣ በኋላ ዱቄቱን ለራሱ ጠየቀኝ።

ጎሚስታው፣ ኮምቦልቻ — መጋቢት 21

ጎበዝ። ያገለገለ ስትገዛ አራት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ይገጥማል አትበል። በአራቱ የዳዶ ቀዳዳዎች መሃል የሚያልፈው ክብ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር፣ የመሃሉ ቀዳዳ ለቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ከጀርባው የተጻፈው የኢ.ቲ. ቁጥርም (ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ የሚናገረው) ከሌሎቹ ጋር አንድ መሆኑን እይ። ከጀርባ ያለውን ጽሑፍም ስትፍቅ እንዳታጠፋው።

አሁን ስለ ማሰሩ። ከመጨረሻው ክሊር በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር። ሳምንት ያህል ደግሞ በጠንካራ ሳሙናም በውሃ ግፊትም አታጥበው፤ ቀለሙ ውስጡ ገና እየጠና ነው። መገጣጠሚያውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ቀለም ቀቢው የነገረህ ምክንያት ይህ ነው፤ በዳዶው ወይም በመገጣጠሚያው ሥር ቀለም ካለ፣ ስታጠብቀው ጠንክሮ ይታይሃል፤ ስትነዳ ግን ቀለሙ ይደቅቅና ክፍተት ይተዋል፣ ዳዶውም ይላላል። ዳዶዎቹን በመስቀል አጥብቅ፣ አንዱን ስታስር ቀጥሎ የፊት ለፊቱን። የቪትዝ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሚለካ መፍቻ ከሌለህ እኔ ጋ ና። በእግርህ ቆመህበት አታጥብቀው፤ ብሎኑ ይለጠጣል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። የባላንስ እርሳሶቹንም ፍቀህ ጥለሃቸዋልና ባላንስ ሳታሠራ ወደ ረጅም መንገድ አትውጣ። ቁልቁለቱን ስትወርድ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬንህ አይጋል፣ አዲሱ ቀለምም አይቃጠል።

ጦሳ ሥር፣ ደሴ — መጋቢት 28

ከደሴ ኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ መቶ ኪሎ ሜትር ሞላሁ። ዛሬ ጋሼ ቤታቸው ድረስ ሄጄ በሚለካው መፍቻ ፈተሹልኝ። አሥራ አምስቱ ዳዶዎች ፍንክች አላሉም። አንዱ፣ የኋላ ቀኝ፣ ሩብ ዙር ያህል ወሰደ። ፈትተን ስናየው በቀዳዳው መቀመጫ ላይ እንደ ጥፍር የምታህል ቀለም ነበረች፣ ደቅቃ። በቢላ ጠርገን መልሰን አሰርነው። ከአፍጥር ሳልቀምስ እንዳልሄድ አስገድደውኝ አምሽቼ ነው የተመለስሁት።

የተሰነጠቀውን ቸርኬ ትምህርት ቤት ወስጄዋለሁ። ተማሪዎቼ ነጩን ጋዝ ቀብተው፣ ጠመኔውን ራሳቸው ፈጭተው ነሰነሱ። መስመሯ ስትወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሐይቅ ዳር — መጋቢት 29

እኔም ትናንት የኮሮላዬን ፈተሽሁ። የብረት ቸርኬ የሚሰነጠቀው በዳዶ ቀዳዳዎቹ መካከል ነው ብለውኝ እዚያ ላይ ነው በደንብ የነሰነስሁት። አራቱም ነጭ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። አምስተኛው የኋላ ሻንጣው ውስጥ የታሰረው ተጠባባቂ ነው፤ ብሎኑ ስለዛገ ቅባት ቀብቼበታለሁ። ነገ ጠዋት አወጣዋለሁ።